ስም፣ ዘመንና የዋቢ ዝርዝር፦ ማጣቀሻን በሶፍትዌር ስለማዘጋጀት ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ለዓምዱ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ጊዜ በመቃረቡ ይመስላል፣ ጠያቂዎቹ ሁሉ ማወቅ የፈለጉት ማጣቀሻንና የዋቢ ጽሑፎችን ዝርዝር በእጅ ከመተየብ ይልቅ በሶፍትዌር እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ነው። ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን ጥያቄዎች በአንድ ላይ አጣምረን፣ የጠያቂዎቹን ስም ሳንጠቅስ እንደሚከተለው መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ በመንዝ በግ እርባታ ላይ ሲሆን እስካሁን ወደ 140 የሚጠጉ ሥራዎችን ጠቅሻለሁ፤ ሁሉንም በወርድ በእጄ ነው የተየብኳቸው። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ በጽሑፉ ውስጥ ተጠቅሰው በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ገብተው በጽሑፉ ውስጥ ያልተጠቀሱ ብዙ ሥራዎች እንዳሉ አመልክተውኛል። ለማስረከብ ሁለት ወር ቀርቶኛል። አሁን ሶፍትዌር መማር ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን ይወስድብኛል? የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ሁለት ወር ከቀረዎት ይጠቅምዎታል፤ አማካሪዎ ያገኙት ዓይነት ጉድለት ሶፍትዌሩ ከሁሉ በተሻለ የሚያስወግደው ጉድለት ነውና። ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የማጣቀሻ ሶፍትዌር በእጅ ስንተይብ የምናቀላቅላቸውን ነገሮች ለያይቶ ይይዛል። የእያንዳንዱ ሥራ መረጃ፣ ማለትም የደራሲው ስም፣ ርዕሱ፣ የታተመበት ዓመት፣ መጽሔቱ፣ ቅጹና ገጹ፣ በየራሱ ሳጥን ተለይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። መረጃው በምን ቅደም ተከተልና በምን ሥርዓተ ነጥብ ይጻፍ የሚለው ደግሞ ስታይል በሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በጽሑፍዎ ውስጥ የሚገባው ማጣቀሻ ሁለቱን የሚያገናኝ ስውር ምልክት ነው። የመጨረሻው ዝርዝር ከእነዚህ ምልክቶች ስለሚወጣ፣ በጽሑፉ ውስጥ የጠቀሱት ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል፤ አንድን አንቀጽ ከነማጣቀሻው ሲሰርዙ፣ ሥራው በሌላ ቦታ ካልተጠቀሰ፣ ከዝርዝሩም በራሱ ይወጣል።

ከሶፍትዌሮቹ መካከል እኔ ለእርስዎ የምመክረው ዞቴሮን ነው። ዞቴሮ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ባለሙያዎች ማዕከል ውስጥ ተሠርቶ የወጣ ሲሆን በነጻ ይገኛል፣ ምንጭ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከማይክሮሶፍት ወርድ፣ ከሊብሬኦፊስና ከጉግል ዶክስ ጋር ይሠራል። ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ሜንደሌይም በነጻ የሚሠራበት ነው፤ ኤንድኖት ግን በክፍያ የሚገኝ ነው። ጽሑፋቸውን ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር የሚያዘጋጁ የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚታወቀው ቢብቴክ አላቸው። እርስዎ በወርድ እንደሚጽፉ ስለገለጹ፣ ከምረቃ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ሲያበቃ የማይዘጋብዎትን መምረጥ ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ 140ዎቹ ሥራዎች እንምጣ። እንደገና አይተይቧቸው። አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ የጆርናል ጽሑፎች ዲ.ኦ.አይ. የሚባል፣ በ10 ቁጥርና በነጥብ የሚጀምር መለያ አላቸው፤ ይህንን መለያ በዞቴሮ ውስጥ በተዘጋጀለት ቦታ ቢያስገቡ የጽሑፉ ሙሉ መረጃ ከኢንተርኔት ይመጣል። የመጽሐፍ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. ቁጥርም እንዲሁ ያገለግላል። የፒ.ዲ.ኤፍ. ፋይሎቹ በእጅዎ ካሉ ጎትተው ሲያስገቧቸው ሶፍትዌሩ በውስጣቸው ያለውን ጽሑፍ አንብቦ መረጃውን ለመፈለግ ይሞክራል። በዚህ መንገድ የማይገኙት በየዩኒቨርሲቲው የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የምርምር ማዕከላት ሪፖርቶችና በስካነር የተነሡ የአማርኛ ሰነዶች ናቸው፤ እነዚህን በእጅ መመዝገብ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ረቂቅዎን ከምዕራፍ አንድ ጀምረው በእጅ የተተየበውን እያንዳንዱን ማጣቀሻ በሶፍትዌሩ ማጣቀሻ ይተኩ። አንዱን ምዕራፍ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሂዱ፤ በግማሽ የተተካ ምዕራፍ ከሁሉ የከፋ ነው፣ የትኛው ማጣቀሻ ሕያው የትኛው ተራ ጽሑፍ እንደሆነ በዓይን አይለይምና።

ከኢንተርኔት የመጣ መረጃ ትክክል ነው ብለው ግን አይቀበሉት። ጊዜዎን መስጠት ያለብዎት እዚህ ላይ ነው። የአንዳንድ ጽሑፎች ርዕስ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፎ ይመጣል፤ በሌሎቹ የእያንዳንዱ ቃል መነሻ ትልቅ ፊደል ይሆናል። በመዝገቡ ውስጥ ርዕሱን የመጀመሪያውን ፊደልና የተጸውዖ ስሞችን ብቻ በትልቅ ፊደል አድርገው ያስቀምጡት፤ ሶፍትዌሩ ከዚህ ወደ ሌላኛው ሥርዓት መለወጥ ይችላል፣ ከሌላኛው ወደዚህ ግን በትክክል መመለስ አይችልም፣ የትኛው ቃል የቦታ ወይም የሰው ስም እንደሆነ አያውቅምና። መንዝ፣ ጓሳ፣ አንኮበር የሚሉት ስሞች በርዕስ ውስጥ በትንሽ ፊደል ጀምረው የሚታተሙት መዝገቡን ያስተካከለ ሰው ሳይኖር ሲቀር ነው። የእንስሳትና የዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም በኢታሊክ መጻፍ ስላለበት፣ ስሙን በርዕሱ ሳጥን ውስጥ በኢታሊክ መክፈቻና መዝጊያ ምልክት መካከል ካስገቡት ርዕሱ በተራ ፊደል በሚወጣበት ስታይል ሁሉ ተጋድሞ ይወጣል።

የመሥሪያ ቤት ስም ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲን የእንግሊዝኛ ስም በስምና በአባት ስም ሳጥኖች ከፍለው ካስገቡት በዝርዝሩ ውስጥ «ኤጀንሲ፣ ማ. ስ.» እንደማለት ያለ ነገር ይወጣል፤ መሥሪያ ቤቱን ሰው አድርገውታል ማለት ነው። ከስም ሳጥኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች ወደ አንድ ይዋሃዳሉ፤ የመሥሪያ ቤት ስም ምንጊዜም በአንድ ሳጥን ይግባ። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ተብሏል፤ በመዝገብዎ ውስጥ የሚገባው ግን ሪፖርቱ ሲታተም በሽፋኑ ላይ የነበረው ስም ነው።

በዚህ ሁሉ የሚያገኙት ተጨማሪ ጥቅምም አለ። ክፍልዎ ኤ.ፒ.ኤ. ከሚባለው የማጣቀሻ አጻጻፍ ሥርዓት ስድስተኛ እትም ወደ ሰባተኛው ቢሸጋገር፣ በዝርዝሩ ውስጥ የሚጻፉት ደራሲዎች ቁጥር ከ7 ወደ 20 ከፍ ማለቱንና ሌሎቹን ለውጦች ሁሉ ስታይሉን በመቀየር ብቻ ያስተካክሉታል። ከዚህም ሌላ ዞቴሮ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በመጽሔቶች ተሽረው የተሰረዙ ጽሑፎችን በቀይ ምልክት ያስጠነቅቃል፤ በግ እርባታን በመሰለ የሙከራ ውጤት በሚጠቀስበት ጥናት ይህ ቀላል አገልግሎት አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንኮበር መምህር ነኝ። ስለ አካባቢያችን ታሪክ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን የጻፏቸውን የጉዞ መጻሕፍትም እጠቅሳለሁ። ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያውያንን ስም እየገለበጠ፣ የአባትን ስም እያስቀደመ አስቸገረኝ። የመጻሕፍቱ ዘመንም ግማሹ በኛ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌሩ ለአማርኛ አይሆንም ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ነገር ግን ያነሷቸው ሁለቱ ችግሮች እውነተኛ ናቸው፤ ሰፋ ያለ መልስም ይገባቸዋል።

ስምን እናስቀድም። ሶፍትዌሩ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ስለሆነ ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስድና በእርሱ ይደረድራል። በእኛ ዘንድ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ሰው የሚጠራውም በራሱ ስም ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፉ ሥራዎችን ደራሲ ሙሉ ስም በአንድ ሳጥን ውስጥ ያስገቡት። ሶፍትዌሩ እንደተጻፈው ሳይገለብጥ፣ በመጀመሪያ ፊደል ሳያሳጥር ያወጣዋል፤ በተራውም የሚሰለፈው በራሱ ስም ይሆናል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የተከበረው ልማድም ይኸው ነው።

ስሙን ለሁለት መክፈል ግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ሶፍትዌሩ ከየት ላይ እንደሚከፍለው ሊያውቅ አይችልም። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የራሳቸው ስም አንድ ቃል፣ የአባታቸው ሁለት ቃል ነው፤ የታሪክ ጸሐፊው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በአንጻሩ የራሳቸው ስም ሁለት ቃል፣ የአባታቸው አንድ ነው። ሦስት ቃል ያየ ሶፍትዌር የመጨረሻውን ቃል ቆርጦ የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፤ በዚህም አሠራር ተክለ ጻድቅ ሳይጎዱ ሲቀሩ ኅሩይ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ሆነው ይመዘገባሉ። ይህን ዓይነቱን ስሕተት በታተሙ ዓለም አቀፍ ዝርዝሮች ላይ ማየት የተለመደ ሆኗል። በተለይ ከድረ ገጽ በራሱ የመጣ መዝገብ ሁሉ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ ከሚሉ ስሞች አንጻር አንድ በአንድ መታየት አለበት።

ማዕረግም አብሮ መግባት የለበትም። ኅሩይን «ብላቴን ጌታ ኅሩይ» ብለው በስም ሳጥን ውስጥ ካስገቧቸው በዝርዝሩ ውስጥ በ«ብ» ሥር ይሰለፋሉ፤ ማዕረጉን በማስታወሻ ሳጥን ይያዙት፣ በጽሑፍዎ ውስጥ ግን በአክብሮት ይጥቀሱት። ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ የአማርኛ ጸሐፊ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ኅሩይ፣ ሕሩይና ህሩይ ብለው በሦስት ቦታ ቢመዘግቡ እኛ አንድ ሰው መሆናቸውን እናውቃለን፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፣ በዝርዝሩም በ«ሀ»፣ በ«ሐ»ና በ«ኀ» ቤት ተራርቀው ይሰለፋሉ። ስሙ እንዲህ ተለያይቶ የተመዘገበ ደራሲ በአንድ ዓመት ሁለት መጻሕፍት አሳትሞ ከሆነም ሶፍትዌሩ በዓመቱ ላይ መለያ ፊደል ሳይጨምር ያልፋል። ጻድቅና ፃድቅ፣ ሥላሴና ስላሴ እንዲሁ ናቸው። ለእያንዳንዱ ደራሲ መጽሐፉ ላይ የታተመውን አጻጻፍ ይምረጡ፤ ደራሲው በተለያዩ መጻሕፍት የተለያየ አጻጻፍ ተጠቅሞ ከሆነ አንዱን መርጠው በሁሉም መዝገብ ላይ ያጽኑት።

በእንግሊዝኛ ለታተሙ የኢትዮጵያውያን ሥራዎች ምን ይደረግ? የዚህ መልስ እንደ ሙያው ይለያያል። በተፈጥሮ ሳይንስ፣ በጤናና በግብርና መጽሔቶች ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብና የመረጃ ቋቶችም በዚያው ስለሚፈልጉት፣ መጽሔቱ እንዳሳተመው መተው አንባቢን ይረዳል ብዬ አምናለሁ። በታሪክ፣ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ሥራዎች ግን ሙሉውን ስም ሳይገለብጡ መጻፍ ተገቢ ነው። ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ማደባለቅ ካስፈለገዎት በመቅድሙ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ለአንባቢ ያሳውቁ።

ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ስንመጣ፣ በዓመት ሳጥኑ ውስጥ «1967 ዓ.ም.» ብለው ቢጽፉ ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ብቻ ለይቶ ይወስድና «1967» ብሎ ያወጣዋል። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ይህ ቁጥር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይሁን እንደ እኛ ሊለይ አይችልም። የበለጠ የሚጎዳው ግን ቅደም ተከተሉ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከታተመው በፊት ይሰለፋል፣ በእውነቱ ግን ከእርሱ በኋላ የታተመ ነው።

ስለዚህ ሥራዎ የሁለቱንም አቆጣጠር መጻሕፍት የሚጠቅስ ከሆነ፣ በዓመት ሳጥኑ ውስጥ ሁሉንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስገቡ፤ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመተ ምሕረት ደግሞ ኤክስትራ በሚባለው ተጨማሪ ሳጥን ውስጥ ይጻፉት። ስሌቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል፤ የፈረንጆቹ ዓመት የሚለወጠውም በታኅሣሥ ወር ውስጥ ነው። በጥቅምት 1967 የታተመ መጽሐፍ የ1974፣ በሚያዝያ 1967 የታተመ የ1975 ነው። ብዙዎቹ የአገራችን መጻሕፍት ወሩን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ስለሚያሰፍሩ ሽፋኑን ብቻ አይተው አይመዝግቡ። ወሩ ካልተጻፈ፣ ከዓመቱ የሚበልጡት ወራት በኋለኛው የፈረንጅ ዓመት ስለሚውሉ፣ 8 መደመር ያስኬዳል፤ በሁሉም መዝገብ ላይ ግን አንድ ዓይነት አሠራር ይሁን። በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ሁለቱም ዓመታት እንዲታዩ ከፈለጉ፣ በኤክስትራ ሳጥን ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ከዓመቱ ቀጥሎ እንዲያወጣ ስታይሉን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልግዎታል፤ ያም ካልተገኘ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ቅጂ ላይ በእጅ መጨመር ይቻላል። መላው ሥራዎ በአማርኛ ምንጮች ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግዎትም፤ ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ያስገቡና በዝርዝሩ ራስ ላይ «ዘመኑ ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብለው ይጻፉ።

በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ አንኮበር የመጡ አውሮፓውያን የጻፏቸውን የጉዞ መጻሕፍት እንደሚጠቅሱ ገልጸዋል። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በተደረገ ዳግም ኅትመት ነው። በዓመት ሳጥኑ ውስጥ በእጅዎ ያለውን ኅትመት ዓመት ይጻፉ፤ በኤክስትራ ሳጥን ውስጥ ደግሞ በአዲስ መስመር ላይ የመጀመሪያውን ኅትመት ዓመት በተወሰነለት የእንግሊዝኛ መጠሪያ ያስገቡት፤ ኤ.ፒ.ኤ.ን የመሰሉ ስታይሎች ሁለቱንም ያወጣሉ። ይህ ካልተደረገ የሣህለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት በዓይኑ ያየ ሰው በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈ መስሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ መንዝ መሐል ሜዳ ሆኜ ነው የምጽፈው። ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይገኝም፤ መብራትም ይጠፋል። ጽሑፌን በመጨረሻ የሚያስተካክሉልኝ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። በዚህ ሁኔታ ሶፍትዌሩ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። ዞቴሮ መዝገቡን የሚያስቀምጠው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ማጣቀሻ ለማስገባትም ሆነ ዝርዝር ለማውጣት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚፈልገው አዲስ ሥራ በመለያ ቁጥር ሲያመጡና መዝገብዎን ወደ ኢንተርኔት ሲያስተላልፉ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን በወረዱ ቁጥር የሚያስፈልግዎትን ሁሉ አምጥተው ይመለሱ። መረጃውን በኢንተርኔት ማስቀመጥ ገደብ የለበትም፤ ከመዝገቡ ጋር ለተያያዙ ፋይሎች በነጻ የሚሰጠው ቦታ ግን 300 ሜጋባይት ነው፣ ጥቂት በስካነር የተነሡ መጻሕፍት ይሞሉታል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ሶፍትዌሩን ዘግተው ዞቴሮ የሚለውን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ክፍት ሆኖ ሳለ አይገልብጡ፤ ፎልደሩን ራሱን በድሮፕቦክስ ወይም ፋይል በኢንተርኔት ላይ በሚያስቀምጥ መሰል አገልግሎት ውስጥም አያስቀምጡ፣ የመረጃ ቋቱ ሊበላሽ ይችላል።

የጽሕፈት ቤቱ ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። ሠራተኞቹ የገጽ ኅዳግና የመስመር ርቀት ማስተካከላቸው ጉዳት የለውም። ማጣቀሻውን ራሱን ነክተው ካረሙት ግን እርማቱ በመዝገቡ ላይ አይደርስም፤ ሶፍትዌሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያድሰው ወይ ያጠፋዋል ወይም ማጣቀሻው ተለውጧል ብሎ ይጠይቅዎታል። ፋይሉን በሌላ የጽሕፈት ሶፍትዌር ከፍተው ሲያስቀምጡትም ስውሩ ምልክት ሊጠፋና ማጣቀሻው ሁሉ ተራ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጽሕፈት ቤት የሚሰጡት ቅጂ ሁልጊዜ ከዋናው የተለየ ይሁን። በወርዱ ውስጥ በሚገኘው የዞቴሮ መስመር ላይ ማጣቀሻዎቹን ከሶፍትዌሩ የሚያለያይ ትእዛዝ አለ፤ ፋይሉን በሌላ ስም ካስቀመጡ በኋላ በዚያኛው ቅጂ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት፣ አንዴ ከተለያዩ መመለስ የለምና።

ጥያቄ፦ በተጉለት ስለሚገኙ አድባራት ታሪክ አጠናለሁ። ምንጮቼ በአብዛኛው የአረጋውያን ቃልና የብራና መጻሕፍት ናቸው። እነዚህን ሶፍትዌሩ ያስተናግዳል? ክፍላችን የሚፈልገው የግርጌ ማስታወሻ ሥርዓትስ በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ ካልተገኘ?

መልስ፦ ብራናውን ያስተናግዳል። የሥራውን ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ብለው ይምረጡ፤ መጽሐፉ የሚገኝበትን ደብር ወይም ቤተ መጻሕፍት በማኅደር ሳጥን፣ የመጽሐፉን ቁጥር በቀጣዩ ሳጥን ያስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተነሥተው በሚኒሶታ፣ በሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ ብዙ መጻሕፍት ቁጥር አላቸው፤ ያጠኑት መጽሐፍ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ቁጥሩን ሳይጠቅሱ አይለፉ፣ ሌላው ተመራማሪ የሚያገኘው በእርሱ ነው። ማጣቀሻ ሲያስገቡ ከገጽ ይልቅ ቅጠል የሚለውን ይምረጡ፤ የቅጠሉን ፊትና ጀርባም ይለዩ።

የአረጋውያኑ ቃል ግን በሶፍትዌር ባይያዝ እመርጣለሁ። ኤ.ፒ.ኤ. በግል የተገኘ ቃልን በጽሑፉ ውስጥ ብቻ እንጂ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አያስገባም፤ በእኛ አገር የታሪክ ጥናት ልማድ ደግሞ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ከዋቢ መጻሕፍት ተለይቶ፣ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ቃሉ የተወሰደበት ቦታና ቀን፣ ስለ ዕውቀታቸው የተሰጠ አጭር አስተያየት በሠንጠረዥ ይቀመጣል። ይህ ሠንጠረዥ የትኛውም ስታይል የማያወጣው፣ ለጥናታችን ግን ከብዙ መጻሕፍት የሚበልጥ ሰነድ ነው። በእጅ፣ በጥንቃቄ፣ በፈቃዳቸውም ይዘጋጅ።

ስለ ክፍልዎ ሥርዓት፦ ስታይሎቹ የሚጻፉት ሲ.ኤስ.ኤል. በሚባል ክፍት ቋንቋ ሲሆን ከ10,000 በላይ የተዘጋጁ ስታይሎች በነጻ ይገኛሉ። ከመካከላቸው ለክፍልዎ የቀረበውን ይፈልጉ፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ቅጂውን ሊያስተካክለው ይችላል። ቅጂው የራሱ ስምና መለያ ይሰጠው፤ አለበለዚያ ሶፍትዌሩ ዋናውን ሲያድስ የእርስዎን ለውጥ ያጠፋዋል። በስታይሉ ውስጥ የሚገኙት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ በአማርኛ ሊተኩ ስለሚችሉ፣ ቀድሞ የተጠቀሰውን ሥራ የሚያመለክተው ቃል «ዝኒ ከማሁ» ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ይህ ለእርስዎ ትልቅ እረፍት ነው። በሁለት የግርጌ ማስታወሻዎች መካከል አዲስ ማስታወሻ ባስገቡ ቁጥር በእጅ የተጻፈ ዝኒ ከማሁ ወደማይገባው መጽሐፍ ያመለክታል፤ በሶፍትዌር የተተከለው ግን ራሱን አርሞ የመጽሐፉን ስም መልሶ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ስታይል በአንድ ተማሪ ድካም መቅረት የለበትም፤ አንድ ጊዜ በሚገባ ከተሠራ ክፍሉ ለተማሪዎቹ ሁሉ ቢያድለው ምንኛ በጠቀመ!

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። ቻትጂፒቲ የዋቢ ዝርዝር በአንድ ጊዜ አዘጋጅቶ እየሰጠኝ ዞቴሮ ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ዞቴሮ እርስዎ የመዘገቡትን ብቻ ያወጣል። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ግን ሊሆን የሚችል የሚመስለውን ቃል እያስከተሉ ስለሚጽፉ፣ እውነተኛ የሚመስል ደራሲ፣ ርዕስ፣ መጽሔትና ገጽ አቀናብረው ፈጽሞ ያልተጻፈ ሥራ ሊሰጡዎት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ባቀረቡ ሁለት ጠበቆችና በድርጅታቸው ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ጥሏል። ስለ ሰሜን ሸዋ ሲጠየቁ ደግሞ አደጋው የሚብስ ይመስለኛል፤ በኢንተርኔት ላይ ስለ አካባቢያችን ያለው ጽሑፍ ጥቂት ነውና።

እስካሁን ከዚያ የተቀበሉት ዝርዝር ካለ እያንዳንዱን ዲ.ኦ.አይ. ወደ ዞቴሮ አስገብተው ይፈትሹት። ሶፍትዌሩ መረጃውን ካላገኘ ወይም ያመጣው ርዕስ ከተሰጠዎት የተለየ ከሆነ፣ ሥራውን በዓይንዎ እስኪያዩት ድረስ ከጽሑፍዎ ያውጡት፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተውንም ዓረፍተ ነገር አብረው ይመርምሩ። ዲ.ኦ.አይ. የሌላቸውን፣ በተለይ የአማርኛ መጻሕፍትን፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ በርዕስና በደራሲ ሁለት ጊዜ ይፈልጓቸው፤ ስሙ በሞክሼ ፊደል ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል በሁሉም አጻጻፍ ይሞክሩ።